በዋሽንግተን ቀይ መስመር ላይ፤ ስለ አንድ ሕመምና ስለ መቆያው ወራት

የአሜሪካ ዋና ከተማ የዋሽንግተን የምድር ባቡር ስድስት መስመሮች ሲኖሩት እያንዳንዱ መስመር በቀለም ስም ይጠራል። ከእነርሱም መካከል ቀዩ መስመር ከከተማው በስተ ሰሜን ካለው ከሜሪላንድ ግዛት ተነሥቶ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ በከተማው እምብርት ካለፈ በኋላም ወደ ሰሜን ታጥፎ እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ ይጨርሳል። በካርታ ላይ ሲመለከቱት የፈረስ ጫማ ይመስላል። በምሥራቁ ክንድ ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በምዕራቡ ክንድ ላይ ቤቴስዳ የሚባሉት ከተሞች ይገኛሉ። እኛም ከብርዱ ወራት ጀምረን እስከ ጸደይ ድረስ በዚህ መስመር ላይ አያሌ ጊዜ ተመላልሰናል። የጉዟችን ምክንያት አንዲት ዘመዳችንን ወደ ሐኪማቸው ማድረስና መመለስ ነበር። ይሁን እንጂ በሽተኛ የሚያደርስ ሰውም ዓይኑን እስካልጨፈነ ድረስ አገር ያያልና፣ ያየነውንና የሰማነውን ለአንባቢዎቻችን እነሆ እንጽፋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኒህን ዘመዳችንን በቤተ ሰብ ልማድ እትዬ እያልን እንጠራቸዋለን፤ ስማቸውን ግን አንጽፍም። እትዬ ኑሯቸው በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ በቀኝ ጡታቸው ላይ በተገኘ ነቀርሳ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ካንሰር በሚለው ሕመም ምክንያት፣ ጡታቸው በቀዶ ሕክምና ተወገደ። እርሳቸውም ጡታቸው እንደ ገና እንዲሠራላቸው ስለ መረጡ፣ ሐኪሞቹ በዚያው ቀን፣ በዚያው መኝታ ላይ ሳሉ፣ በደረታቸው ውስጥ አንድ ከረጢት አኖሩ። በእንግሊዝኛ ቲሹ ኤክስፓንደር ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ ማስፊያ እንለዋለን። ማስፊያው ለዘለቄታ የሚቀመጥ አይደለም። ቆዳው ቀስ በቀስ እስኪሰፋና ለቋሚው ጡት ስፍራ እስኪያገኝ ድረስ የሚቆይ እንግዳ ነው። ጽሑፋችንም ይህ እንግዳ በሰው ደረት ውስጥ ስለሚቆይበት ዘመን ነው።

አስቀድመን ስለ ከተማቸው ጥቂት እንናገር። ሲልቨር ስፕሪንግ ማለት የብር ምንጭ ማለት ነው። በ1840 ዓ.ም. ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የተባሉ ሰው በዚያ ስፍራ አንድ ምንጭ አገኙ፤ በውኃውም ውስጥ የሚካ ድንጋይ ስብርባሪ እንደ ብር ሲያብለጨልጭ ስላዩ ስሙ ከዚያ ወጣ ይባላል። ምንጩ የነበረበት ቦታ ዛሬ አኮርን የሚባል ትንሽ መናፈሻ ሆኗል። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖረው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ከአገር ውጭ ካሉት ታላላቆች አንዱ ሲሆን፣ በሲልቨር ስፕሪንግም በጆርጂያ ጎዳናና በፌንተን መንገድ የሚያልፍ ሰው በአማርኛ የተጻፉ የሱቅ ሰሌዳዎችን ያያል፤ የተቆላ ቡናና የበርበሬ ሽታም ይሸተዋል። እንጀራው በየሱቁ ታሽጎ ይሸጣል። ማኅበሩ፣ ዕድሩና ዕቁቡም አብረው ተሻግረው መጥተዋል። እንግዲህ በዚህ ከተማ የሚታመም ኢትዮጵያዊ ብቻውን የሚታመም አይመስልም። በመሸሸግ ብቻውን ለመሆን የፈለገ ግን ሊሆን ይችላል።

ማስፊያው እንዴት እንደሚሠራ ሐኪሙ ለእትዬ ሲያስረዱ አብረን ሰምተናል። ከረጢቱ ከሲሊኮን የተሠራ ነው። ከደረት ጡንቻ በታች ወይም ከጡንቻው በላይ በቆዳው ሥር ይቀመጣል። በፊቱ በኩል ለመርፌ መግቢያ የሚሆን ትንሽ በር አለው፤ በብዙዎቹ ማስፊያዎች ላይ በሩ የት እንዳለ በቆዳ ላይ ሆኖ ለማወቅ እንዲቻል ማግኔት ተደርጎበታል። ቁስሉ ከጠገገ በኋላ ሐኪሙ ወይም ነርሷ በማግኔት ጠቋሚ በሩን ፈልገው ያገኙና፣ ቆዳውን በመድኃኒት አጥበው፣ በቀጭን መርፌ ንጹሕ የጨው ውኃ ያስገባሉ። ለእትዬ በቀዶ ሕክምናው ቀን 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያም በየሁለት ሳምንቱ 50 ሚሊ ሊትር ተጨመረላቸው። 50 ሚሊ ሊትር አንድ የቡና ስኒ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን በተወጠረ ቆዳ ሥር ሲገባ ቀላል አይደለም፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ደረትን ያስጨንቃል፣ እስከ ጀርባም ድረስ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ቆዳው ይለምዳል። የእርጉዝ ሴት የሆድ ቆዳ ከፅንሱ ጋር እየሰፋ እንደሚሄድ፣ ይኸኛውም ቆዳ በግፊት ሥር ቀስ እያለ አዲስ ቆዳ ያበቅላል።

ዘመድ ሁሉ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለ ያጽናናቸው ነበር። በአራተኛው ሙሌት ቀን እኛም ይህንኑ ብንላቸው፣ እትዬ ፈገግ ብለው፣ «እንቁላሉንስ በየሁለት ሳምንቱ መርፌ አልወጉትም» አሉን።

የዚህ ዘዴ ታሪክ ከዋሽንግተን ጋር የተያያዘ ነው። በ1957 ዓ.ም. ቻርልስ ኒውማን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም የተቆረጠ ጆሮ ለመጠገን ሲሉ በጆሮ አካባቢ ባለው ቆዳ ሥር የላስቲክ ፊኛ አስገብተው ቀስ በቀስ በአየር ነፉት፤ ቆዳውም ሰፋ። ዘዴው ግን ተከታይ ሳያገኝ ሃያ ዓመት ያህል ቆየ። በ1976 ዓ.ም. ግድም በዋሽንግተን አካባቢ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ቸዶሚር ራዶቫን ከሲሊኮን የተሠራና በመርፌ የሚሞላ ከረጢት ሥራ ላይ አዋሉ፤ ጡታቸው ለተወገደ ሴቶች እንዴት እንደ ረዳም በ1982 ዓ.ም. በሕክምና መጽሔት አሳተሙ። የከተማው የምድር ባቡር መጀመሪያ ለመንገደኛ የተከፈተው በዚያው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ የተከፈተውም የቀዩ መስመር ቁራጭ ነበር። ስለዚህ እትዬን የሚወስደው ባቡርና በደረታቸው ያለው ማስፊያ እኩያሞች ናቸው።

በወረቀት ላይ ሲጻፍ ነገሩ አጭር ነው፤ ለሚኖርበት ሰው ግን ወራቱ ረጃጅም ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከቁስሉ የሚወጣውን ፈሳሽ የሚቀበል ጎማ ከነማጠራቀሚያው በጎናቸው ተንጠልጥሎ ነበር፤ በየቀኑ ፈሳሹን ለክተው በደብተር ይጽፉ ነበር። በራስ ላይ የሚጠለቅ ልብስ ስለማይቻል በፊት በኩል የሚቆለፍ ሸሚዝ ብቻ ይለብሳሉ። በሆድ ወይም በጎን መተኛት አይቻልም፤ ሌሊቱን ሙሉ በጀርባቸው ተኝተው ጣራ ያያሉ። ከባድ ዕቃ ማንሣት ስለ ተከለከለ ጀበናውን እንኳ በግራ እጃቸው ብቻ ይቀዳሉ፤ ሙቀጫና ዘነዘና ከቶ አይነኩም። የምጣዱን አክንባሎ ከፍ አድርገው ሲይዙ ደረታቸው እንደ ተሰፋ ከበሮ ይወጠራል። ባቡር ውስጥ ከላይ ያለውን ብረት መያዝ ስለማይችሉ መቀመጫ ካልተገኘ ሌላ ባቡር እንጠብቃለን። በመኪናም ሲሄዱ መታጠቂያው ደረታቸውን እንዳይጫን ትንሽ ትራስ ከሥሩ ያደርጋሉ። የደረቱ ቆዳ ስለ ደነዘዘ ሙቅ ውኃ የያዘ ጎማ ወይም በረዶ እንዳያስጠጉ ነርሷ አጥብቃ አስጠንቅቃቸዋለች፤ ቢቃጠሉም አይሰማቸውምና። ትኩሳት ቢመጣ፣ ቆዳው ቢቀላ ወይም ቁስሉ ፈሳሽ ቢያወጣ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም እንዲደውሉ ታዘዋል፤ ማስፊያው ከተመረዘ ሊወጣ ይችላልና።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገራቸው ግን የሰላምታ ነገር ነው። ማስፊያው እንደ ጡት የለሰለሰ አይደለም፤ ሲነኩት እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። የእኛ ሰላምታ ደግሞ ከሩቅ የሚሰጥ አይደለም። ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ፣ ትከሻ ለትከሻ ይገጣጠማሉ፣ የቆየ ናፍቆት ካለም ደረት ለደረት ይተቃቀፋሉ። እትዬ ነጠላቸውን በደረታቸው ላይ ደራርበው፣ ቀኝ ክንዳቸውን እንደ ጋሻ አጥፈው፣ ከሰው በፊት ግራ ጉንጫቸውን ያቀርባሉ። ይህም ስለ ተጠረጠረባቸው ከሰው ቤት መሄድ ተዉ።

በእኛ ልማድ «እንደምን ሰነበቱ?» ለሚል ሁሉ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና» ነው። አማርኛን በመማር ላይ የሚገኙ አንባቢዎቻችን ይህን መልስ አስቀድመው ካጠኗቸው ቃላት ጋር እንደሚቈጥሩት አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ መልሱ ምስጋና እንጂ ወሬ እንዳልሆነ ማወቅ ይገባል። ደኅና ያልሆነም ሰው ደኅና ይላል። እትዬም ከባለቤታቸው፣ ከልጆቻቸውና ከእኛ በቀር ለሁሉ ደኅና ነኝ ይሉ ነበር። በደብረ ብርሃን ላሉት እናታቸውም በየሳምንቱ ቅዳሜ በስልክ ደኅና ነኝ ይሉ ነበር።

ሕመምን የመሸሸግ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። በዚያችው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ራቅ ብሎ፣ በዛፎች መካከል አንድ መጠነኛ የጡብ ቤት አለ። በ1991 ዓ.ም. በብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግቧል። የዚህ ቤት ባለቤት ደራሲዋ ራሔል ካርሰን ነበሩ። ፀረ ተባይ መድኃኒቶች በአእዋፍና በሰው ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት የገለጸውን ዝነኛ መጽሐፋቸውን እዚያ ጽፈው በ1962 ዓ.ም. አሳተሙ። የመጽሐፉ ስም በአማርኛ «ጸጥ ያለ ጸደይ» እንደ ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ጸደይና ምንጭ በአንድ ቃል ስለሚጠሩ የመጽሐፉም የከተማውም ስም «ስፕሪንግ» የሚለውን ቃል ይጋራሉ። ካርሰን መጽሐፉን በመጻፍ ላይ ሳሉ በ1960 ዓ.ም. ጡታቸው በነቀርሳ ምክንያት ተወገደ። ያከማቸው ሐኪም እውነቱን በግልጥ አልነገራቸውም፤ የሕመማቸውን ስም በትክክል ያወቁት በዓመቱ መጨረሻ ሌላ ሐኪም ጠይቀው ነው። እርሳቸውም በተራቸው ሕመማቸውን ከሕዝብ ሸሸጉ፤ ባለ ፋብሪካዎቹ ተቃዋሚዎቻቸው ይህን ሰበብ አድርገው በሥራቸው ላይ እንዳይነሡባቸው ሰግተው ነበርና። በ1963 ዓ.ም. በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት ቀርበው ሲመሰክሩ በጽኑ ታመው ነበር። በሚያዝያ 1964 ዓ.ም. በ56 ዓመታቸው በዚያው በቤታቸው ዐረፉ። እኛም በቤቱ አጠገብ ስናልፍ ታሪኩን ለእትዬ ነገርናቸው። ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ፣ «እርሳቸውስ ምክንያት ነበራቸው፤ እኔ የምሸሽገው ከማን ነው?» አሉ።

ነገሩ የተገለጠው በመጋቢት ወር በአንድ እሑድ ነው። እትዬ ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደ ማኅበራቸው ሄዱ። ከደጃፍ ሳያልፉ አንዲት ጠና ያሉ ወይዘሮ በናፍቆት ብድግ ብለው አጥብቀው አቀፏቸው። የእትዬ ፊት ነጣ፤ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ሴቶቹ ሁሉ ተሰበሰቡና ምን ሆነው እንደ ሆነ ጠየቋቸው። እትዬ ጥቂት ቆይተው፣ «ጡቴ ተቆርጧል፤ በቦታው እስኪሰፋ የተቀመጠ ከረጢት አለ፤ ደረቴን ሲነኩኝ ያመኛል» ብለው በአጭሩ ተናገሩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ የቤቱ እመቤት፣ «ታዲያ እስከ ዛሬ እንጀራውን ማን ሲጋግር ነበር?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተራ ይመስላል፤ በዚያ ቀን ግን ከእርሱ የተሻለ ጥያቄ አልነበረም። ወዲያው ማን እንጀራ እንደሚያመጣ፣ ማን ወደ ሐኪም እንደሚያደርስ፣ ማን ልብስ እንደሚያጥብ ተከፋፈሉ። ሰላምታ ሲሰጧቸው ያቀፏቸው ጠና ያሉት ወይዘሮ ግን ሥራ አልተቀበሉም፤ ሴቶቹ ሲበተኑ ወደ እትዬ ቀርበው እጃቸውን ያዙና፣ እርሳቸውም ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ጡታቸው እንደ ተወገደ፣ እንደ ገና ማሠራትን እንዳልፈለጉ፣ በጡት መያዣቸው ውስጥ የሚደረግ ሰው ሠራሽ ጡት ይዘው እንደሚኖሩ ነገሯቸው። ይህን እስከዚያ ቀን ያወቁት ባላቸውና አንዲት ልጃቸው ብቻ ነበሩ። ሁለቱ ወይዛዝርት ዘጠኝ ዓመት በአንድ ማኅበር ሲጠጡ ኖረዋል። አባቶች «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ስለ ሐኪም መድኃኒት ብቻ እንዳልሆነ በዚያ ቀን ተረዳን።

የባቡሩ ቀይ መስመር ወደ ቤቴስዳ ሲደርስ ሌላ ታሪክ ያስታውሳል። ከቤቴስዳ በኋላ ያለው ጣቢያ ሜዲካል ሴንተር ይባላል፤ በአንድ ወገን ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋማት፣ በሌላው ወገን ከፍ ያለ ማማ ያለው የወታደር ሆስፒታል ይታያል። በዚህ ሆስፒታል፣ ያን ጊዜ የባሕር ኃይል ሆስፒታል በነበረበት ዘመን፣ መስከረም 28 ቀን 1974 ዓ.ም. የፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ባለቤት ወይዘሮ ቤቲ ፎርድ በጡት ነቀርሳ ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ባለቤታቸው ሥልጣን ከያዙ ገና ሁለት ወር አልሞላቸውም ነበር። ወይዘሮ ፎርድ ነገሩን አልሸሸጉም፤ ጡት የሚለው ቃል በጋዜጣ ለመጻፍ በሚታፈርበት ዘመን በግልጥ እንዲነገር ፈቀዱ። ብዙ ሴቶችም ይህን ሰምተው ለመመርመር ወደ ሐኪም ሄዱ። ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የታጩት የኔልሰን ሮክፌለር ባለቤትም ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ከካርሰን ዕረፍት እስከዚያ ቀን አሥር ዓመት ብቻ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እትዬ የመረጡት መንገድ ለሁሉ የሚሆን ነው አንልም። ማስፊያ የሚቀመጥላት ሴት ቢያንስ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይጠብቃታል። የጨረር ሕክምና የሚደረግላት ከሆነ ቁስሉ የመመረዙና ቆዳው የመጠንከሩ አደጋ ከፍ ይላል። ከሆድ ወይም ከጀርባ ሥጋና ቆዳ ተወስዶ የሚሠራ ጡትም አለ። ደረታቸው ሳይሠራ ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲድን የሚመርጡም ብዙዎች ናቸው፤ ይህም ጉድለት አይደለም። በአሜሪካ በ1998 ዓ.ም. የወጣ ሕግ፣ ጡትን የማስወገድ ሕክምና የሚከፍል የጤና መድን ለማሠራቱም፣ ሁለተኛው ጡት እንዲመሳሰል ለሚደረገው ሕክምናም፣ ከውጭ ለሚደረገው ሰው ሠራሽ ጡትም እንዲከፍል ያዝዛል። በአገራችን ግን ከሴቶች ነቀርሳዎች የጡት ነቀርሳ ቀዳሚ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሕሙማን ወደ ሐኪም የሚደርሱት ሕመሙ ከገፋ በኋላ ነው። ስለዚህ ጡቷ ላይ እብጠት ወይም የቆዳ መለዋወጥ ያየች ሴት ሳትሸሽግ ፈጥና መመርመሯ ከማንኛውም ከረጢት ይበልጣል።

ማስፊያ ይዛ መንገድ የምትሄድ ሴትም ልታውቀው የሚገባት ነገር አለ። በጨው ውኃ የተሞላ ማስፊያ በአውሮፕላን ለመሄድ በራሱ አያግድም። በአውሮፕላን ማረፊያ የፍተሻ በር ላይ ግን መሣሪያው ሊጮህ ስለሚችል ከሐኪም የተሰጠውን ካርድ መያዝ ይገባል። በብዙዎቹ ማስፊያዎች ውስጥ ማግኔት ስላለም፣ ኤምአርአይ በሚባለው መሣሪያ ከመመርመር በፊት ለሐኪሙ አስቀድሞ መናገር የግድ ነው።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ሙሌት በሚያዝያ መጀመሪያ ተፈጸመ። በዚያ ሳምንት በዋሽንግተን ባለው በታይዳል ቤዚን ኩሬ ዙሪያ፣ በ1912 ዓ.ም. ከቶኪዮ ከተማ በስጦታ የመጣው ዓይነት የቼሪ ዛፍ አብቦ ነበር። እትዬ ሊያዩት ፈለጉና ወሰድናቸው። ሰው በዝቶ ሲጋፋ ፊት ፊታቸው እየሄድን መንገድ ከፈትንላቸው። ማታ ወደ ቤታቸው ሲመለሱም፣ ቅዳሜ ባይሆን እንኳ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ደወሉ፤ ለእናታቸውም ሁሉን ነገሩ። እናታቸው ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ያምምሻል?» ብለው ጠየቁ። «አሁን ደኅና ነው» አሉ እትዬ። እናታቸው ግን፣ «ደኅናውን ተዪው፤ ያምምሻል ወይ ነው ያልኩሽ» አሉ። እትዬም በዚያ ማታ መጀመሪያ ጊዜ፣ «አዎን፣ እማዬ» ብለው መለሱ።

ማስፊያው ወጥቶ ቋሚው የሚገባበት ቀን ለሐምሌ ተቆርጧል። እስከዚያ ድረስ በማኅበሩ አንድ አዲስ ደንብ ተደርጓል። እትዬ ሲገቡ ሴቶቹ ሁሉ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ፤ ማንም ግን አያቅፋቸውም። አንድ በአንድ እየቀረቡ ግራ እጃቸውን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ፣ ጎንበስ ብለውም ይስማሉ። ደንቡን ያወጡት እኒያ ጠና ያሉት ወይዘሮ ናቸው።